ቶሎ ትምጣ

የሺእመቤት የቅኔ መምህር ልጅ ነበረች። አባቷ የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ከቢቸና ወጣ ብሎ በሚገኝ ደብር ጉባኤ ዘርግተው ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በቤታቸው ቃል እንዲሁ አይታለፍም። እንግዳ ገብቶ ጋቢውን እያራገፈ «ዝናቡ ከበደ» ቢል፣ የኔታ ቀና ብለው «የማን ልጅ ነው?» ይሉታል። ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ መካከል አትቀመጥምና የሺእመቤት ከጓዳ ሆና ነበር የምትሰማው። ቢሆንም ሰሙን ከወርቁ መለየቱን ከብዙዎቹ ቀድማ አወቀችው፤ በዚህም በልቧ ትኮራ ነበር።

ሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ሳለች ቴሌግራም ደረሳት። «አባትሽ ታመዋል። ነይ» ይላል። በባቡር፣ በአውቶቡስ፣ በመጨረሻም በበቅሎ አምስት ቀን ተጓዘች። በየመንገዱ ላየችው ደብር ሁሉ «አባቴን ካተረፍክልኝ» እያለች ተሳለች። ግቢው ስትደርስ ዳሱ ገና አልፈረሰም፤ እናቷ ጠጉራቸውን ተላጭተዋል። የኔታ ከተቀበሩ አሥራ ሰባት ቀን ሆኗቸዋል። ቴሌግራሙ የተላከው ከቀብሩ ብዙ ቀን ቆይቶ ነበር።

«ምነው ደብቃችሁ አስለፋችሁኝ?» ብላ ብትጮህ እናቷ፣ «አይ ልጄ፤ ሞተ ተብሎ በሽቦ ይላካል ወይ? ሰው አጠገብሽ ሳይኖር ወድቀሽ ብትቀሪስ?» አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ልቧ ላይ ተጻፈ። የሩቅ ሰው ታመመ ከተባለ ሞቷል ማለት ነው።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት የሺእመቤት ሞጣ ውስጥ ታስተምር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል፤ አግብታ ፈታለች፤ ልጅ የላትም። የዚያን ዓመት ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ካለ አንድ የወጣቶች ማኅበር ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ክረምቱን ኬንያ ያሳልፋሉ። እዚያ ከሌላ አገር ልጆች ጋር ሆነው ለአንድ የገጠር መንደር ትምህርት ቤት ይሠራሉ፤ ተራራ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም ባሕር ያያሉ። ከጎጃም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ሴቶቹን የምትጠብቅ አንዲት አስተማሪም ይፈለጋሉ። ወንዱ ከቢቸና ተመረጠ፤ ያየህ የሚባል ሳቂታ ልጅ ነው። ሴቷ ከሞጣ እንድትሆን ተወሰነ፤ አስተማሪዋም የልጅቷ አስተማሪ ትሆናለች ተባለ።

የሺእመቤት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ባሕር የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ሦስቱንም ጊዜ ቆመች።

ፈተናውን ያለፈችው ጥሩአየሁ ናት። ጥሩአየሁ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን እያወቀች እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ አገሬ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ገበያ ላይ ጨውና ጌሾ እየሸጡ ነው ያሳደጓት። ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ወንድማቸው አቶ ባዘዘው ነገሩን ሲሰሙ፣ «ድንጋይ ልትሸከም ነው ባዕድ አገር የምትወርደው? ድንጋይ እዚህ ጠፋ?» ብለው ተቆጡ። የሺእመቤት ለሦስት ሳምንት እየተመላለሰች ለመነች። ልጅቷ ካልሄደች እሷም አትሄድም፤ ይህንን ግን ለማንም አልተናገረችም። በመጨረሻ ወይዘሮ አገሬ፣ «እኔ ከደብረ ወርቅ አላለፍኩም። እሷ ትለፍ» አሉና ነገሩ አለቀ።

ሰኔ ማብቂያ ላይ ዝናቡ ስለገባ ከሞጣ እስከ ቢቸና በበቅሎ ወረዱ። ወይዘሮ አገሬ እስከ አውቶቡሱ ልጃቸውን ሸኙ። ሁለት ቀን ሙሉ በጭቃ ሲጓዙ አንድ ጊዜ እንኳ ደከመኝ አላሉም። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ የሺእመቤትን እጇን ያዟት።

«እትዬ የሺ፣ እኔ አገሩን አላውቀው፤ ሰዉን አላውቀው። የማውቀው አንቱን ነው።»

«አይዞዎት። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።»

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል።»

«አውቃለሁ» አለች የሺእመቤት።

ሰፈሩ የኬንያ ተራራ ግርጌ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሻይ ተክሉ ላይ ሳይነሣ ልጆቹ መኝታቸውን ጠቅልለው ወደ ሥራ ይወርዳሉ። የኬንያ ልጆች ነበሩ፤ ከእንግሊዝና ከስዊድንም የመጡ ነበሩ። ከኢትዮጵያ የሄዱት አሥራ ሁለት ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ከየአገሩ ልጅ ጋር ተለጣጥፎ ተቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት ማን የማን እንደሆነ መለየት ቸገረ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጭቃ ለብሷል።

የሠሩት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ድንጋይ ከወንዙ ያወጣሉ፤ ተቀባብለው ያመጣሉ፤ አሸዋ ይነፋሉ፤ በሲሚንቶ ማልታ ያቦካሉ። እዚህ ላይ ነው ጥሩአየሁ ያልታሰበችው ሰው የሆነችው። ሌሎቹ ማልታውን እንደ ገንፎ ሲያላሉት፣ እሷ አንድ ጊዜ በእጇ ጨብጣ አየችና ውኃውን አስቆመች። የቤት ምርግ ስትመርግ ነው ያደገችው። ሽማግሌው የኬንያ ግንበኛ ሥራዋን ዐይቶ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ የግድግዳውን ቀናነት የሚለካበትን ቱምቢ ለእሷ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ቀና አይደለም ካለች አርባ ልጅ ቆሞ ይጠብቃታል። ያች ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣው ልጅ «ቁም! ተጣሟል!» እያለች በሦስት ቋንቋ ትጮህ ጀመር። ያየህ፣ «ፊታውራሪ ጥሩአየሁ» ብሎ ስም አወጣላት። ጥሩአየሁ ዋንጂሩ ከምትባል የአገሬው ልጅ ጋር አንድ ሳህን ላይ ነበር የምትበላው።

የሺእመቤት ራሷም ሌላ ሰው ሆነች። ሞጣ ላይ ፈት ሴት ናት፤ በሄደችበት ዓይን ይከተላታል። እዚህ ማንም አያውቃትም። ሱሪ ለበሰች። አንድ ቀን ልጆቹን ተከትላ ተራራውን እስከ ቀርከሃው ጫካ ወጣች፤ ስትወርድ በቂጧ ተንሸራታ ሁሉም ሲስቅባት አብራ ሳቀች። እንዲህ የሳቀችበትን ጊዜ ልታስታውስ ብትሞክር አቃታት።

ሐምሌ ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት፣ የኢትዮጵያ ልጆች መሪ የሆነው አካለ ወልድ ከከተማ ተመልሶ ወደ ማብሰያው ድንኳን ጠራት። አካለ ወልድ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። በእጁ ቴሌግራም ይዟል። አማርኛው በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፤ ፊደል በፊደል እየቆጠረች አነበበችው።

«የጥሩአየሁ እናት ታማለች። ቶሎ ትምጣ። ባዘዘው።»

የተላከው ከቢቸና ነው።

የሺእመቤት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አባቷን፣ ዳሱን፣ የእናቷን የተላጨ ራስ አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን ይሻላል?» አለ አካለ ወልድ። «ሰኞ አውሮፕላን አለ። ብቻዋን ግን ልንልካት አንችልም። አንቺ ትሸኛታለሽ።»

«ሞታለች» አለች የሺእመቤት።

«ማን አለ? ታማለች ነው እኮ የሚለው።»

«አካለ ወልድ፣ አንተ ከተማ ነው ያደግኸው። በእኛ አገር ታመመ ብሎ ቴሌግራም የሚልክ የለም። ይኼ ሰሙ ነው። ወርቁ መርዶ ነው።» የራሷን ነገረችው፤ ሐረርን፣ አምስቱን ቀን፣ አሥራ ሰባቱን ቀን።

እሱ ወረቀቱን ደግሞ አየው። «እውነት ታማ ቢሆንስ?» አለ።

የሺእመቤት ፈገግ አለች። ያች ፈገግታ ኋላ ብዙ ዓመት አሳደደቻት። «አባቴ ቢሰሙህ ይስቁብህ ነበር» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያሰበችው ሁሉ ልክ ይመስል ነበር። ልጅቷን አሁን ይዣት ብሄድ፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ፣ እኔ እንደተጓዝኩት ስትጸልይና ስትሳል ሄዳ መቃብር ላይ ነው የምትወድቀው። ባትሄድስ? መቃብሩ አይሸሽም። አንድ ክረምት፣ በዕድሜዋ አንድ ክረምት ትሳቅ። ስንመለስ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ እንደ ወጉ ይነገራታል። ይህ ሁሉ ርኅራኄ ነበር፤ ሐሰት የለበትም። ግን ከርኅራኄው ሥር ሌላ ነገር ተኝቶ ነበር። ሰኞ ብትሳፈር ባሕሩን አታይም። ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው። ይህን ለራሷ እንኳ በቃል አላወጣችውም።

«ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለ አካለ ወልድ።

«ምንም አትበል። እኔ ራሴ ወስጄ አስረክባታለሁ።»

«ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አለና ወረቀቱን ሰጣት። አጥፋ ዳዊቷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጥሩአየሁ ትልቁን ቁራሽ ትቆርስላት ጀመር። ብርድ ልብሷን ትደርብላታለች። ልጅቷ ስትስቅ የሺእመቤት ፊቷን ታዞራለች። ነሐሴ ገባና ጾመ ፍልሰታ ሆነ። «ድንጋይ እየተሸከምሽ አትጹሚ፤ ኃጢአቱ ለእኔ ይሁን» ብትላት፣ «እትዬ፣ እናቴ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀኝ እሱን እኮ ነው» አለች ጥሩአየሁ። «ወደ ቤት ስገባ ሳትስመኝ ነው የምትጠይቀኝ።» የሺእመቤት ከግድግዳው ጀርባ ሄዳ አለቀሰች። ስታለቅስም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራሷን ደግ ሰው አድርጋ ነበር የምታየው።

ባሕሩን ያዩት ነሐሴ ስድስት ነው። ሌሊቱን በባቡር ተጉዘው ጠዋት ሞምባሳ ገቡ። ልጆቹ ጫማቸውን ጥለው ሮጡ። ጥሩአየሁ ብቻ ዳር ቆማ ቆየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባችና በእፍኟ ውኃ ዘግና ቀመሰች።

«እትዬ! ጨው ነው! ሁሉም ጨው ነው!» ብላ ጮኸች። «ይኼ ሁሉ እዚህ ተቀምጦ እናቴ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች!» እየሳቀች አለቀሰች፤ ወይም ውኃው ነው ዓይኗ ውስጥ የገባው። የሺእመቤትም ጫማዋን አውልቃ ገባች። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ማዕበል ሲመጣ እየዘለሉ ረጅም ሰዓት ቆዩ። ለየሺእመቤት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ቀን አልነበራትም።

ወደ ሰፈሩ ተመልሰው በሩንና መስኮቱን ቀለም ቀቡ። ነሐሴ አሥራ ሰባት አዲስ አበባ ገቡ፤ በሃያ አንድ ቢቸና። ያየህ ወላጆቹ ላይ ተጠመጠመ። ጥሩአየሁ በሕዝቡ መካከል ተንጠራርታ ፈለገች።

«ዝናቡ ነው ያስቀራት» አለች ራሷ።

«አዎን» አለች የሺእመቤት።

በማግስቱ በቅሎ ተከራይተው ተነሡ። ደብረ ወርቅ አደሩ። ጥሩአየሁ መንገዱን ሙሉ አወራች፤ መጀመሪያ ስለ ግድግዳው ትነግራታለች፣ ከዚያ ስለ ዋንጂሩ፣ ከዚያ ስለ ባሕሩ፤ አጎቷ ባዘዘው ሊያምኑ እንደማይችሉ፣ እናቷ ግን እንደምታምን። የሺእመቤት በልቧ ቀን ትቆጥር ነበር። ወይዘሮ አገሬ የሞቱት ሐምሌ ሃያ ግድም ቢሆን፣ አርባቸው ሊደርስ አንድ ሳምንት ነው የቀረው። ለተዝካሩ ልጅቷ በሰዓቱ ደርሳለች። ማምሻውን ከከተማው አፋፍ ካለ ዘመድ ቤት አድረው፣ ማልዶ ሰው ልካ አቶ ባዘዘውን ልታስጠራ አሰበች።

አልሆነላትም። ሞጣ ሊገቡ ሲሉ፣ ከወንዙ ማዶ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት እንስራ አዝላ ስትመጣ አገኟት። ፋንታነሽ ናት፤ የወይዘሮ አገሬ የግድግዳ ጎረቤት። ልጅቷን በቅሎ ላይ ስታያት እንስራው ከጀርባዋ ወርዶ ተከሰከሰ። ደረቷን መታች።

«ወየው! ወየው ጥሩዬ! አሁን መጣሽ? አሁን?»

ጥሩአየሁ ከበቅሎው ወረደች። «ማን ነው? እትዬ ፋንታነሽ፣ ማን ነው?» አለች። ከዚያ ዞራ የሺእመቤትን አየቻት። ያን ጊዜ የየሺእመቤት ፊት ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ ኀዘን ብቻ ነበር፣ የቆየ ኀዘን። ልጅቷ ከፋንታነሽ ለቅሶ ይልቅ ከዚያ ፊት ላይ ነው መርዶዋን ያነበበችው።

የሚቀጥለውን ሰዓት የሺእመቤት በወጉ አታስታውሰውም። ሰፈሩ ተጠራርቶ መጣ። ልጅቷን አራት ሴቶች ይዘዋት መሬት ላይ ትወድቃለች፤ ያነሧታል፤ ትወድቃለች። ለቅሶው ጋብ ሲል አቶ ባዘዘው ወደ የሺእመቤት መጡ። ጠጉራቸውን ተላጭተዋል። አልጮኹም።

«አንቱ፣ እግዜር ያጽናዎት ሊሉኝ ከሆነ ለእሷ ይበሏት።»

«አቶ ባዘዘው፣ መርዶውን እንደ ወጉ ላድርስ ብዬ ነው እስከ ዛሬ...»

«የምን መርዶ?»

«ቴሌግራምዎ እንደደረሰኝ ሞታለች ማለትዎ እንደሆነ ገባኝ። ልጅቱ በባዕድ አገር እንዳትሰበር ብዬ...»

አቶ ባዘዘው ለጊዜው የሰሙት አልገባቸውም። ከዚያ ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ታየ።

«እመት የሺእመቤት፣ እኅቴ ከሞተች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው» አሉ።

 የሺእመቤት በጣቷ ወደ ኋላ ቆጥራ ነሐሴ አሥራ አንድ ላይ ደረሰች። ያን ቀን ልጆቹ በሩን ቀለም ይቀቡ ነበር። ከባሕሩ ከተመለሱ በኋላ ነው።

«ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው የተኛችው» አሉ አቶ ባዘዘው፣ ለእሷ ሳይሆን መሬቱን እያዩ። «ሆዷ አበጠ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደብረ ማርቆስ ውሰዷት አለ፤ መንገዱ ተዘግቷል። ልጄን አምጡልኝ አለች። የሞጣ ሽቦ በዝናቡ ተበጥሶ ነበርና ለቴሌግራሙ ቢቸና በእግሬ ወረድኩ። ዓባይን ቶሎ ካለፉ በሳምንት ይደርሳሉ ብዬ ነገርኳት። ሳምንቱ ሞላ። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለች። አዞርንላት። ኮቴ በሰማች ቁጥር ጥሩዬ ናት ትላለች። ከቢቸና ከተመለስኩ በኋላ እንዲህ ስትል አሥራ ስድስት ቀን ቆየች። መጨረሻ ላይ፣ እትዬ የሺ እንደ ዓይኔ ብሌን ብለውኛል፤ አውሮፕላኑ ጠፍቶ ነው እንጂ እሳቸውስ አያስቀሯትም አለች።»

የሺእመቤት መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «እኔ... ታማለች ሲሉኝ...»

«ታማለች ነው ያልኩት» አሉ አቶ ባዘዘው። «እኔ ቅኔ አላውቅም። ገበሬ ነኝ።»

ጥሩአየሁ ይህን ሁሉ ከሴቶቹ መካከል ሆና ሰምታ ኖሯል። ተነሥታ መጣች። ፊቷ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የማልታውን ውኃ ስታስቆም የነበረው ድምፅ ነው።

«ወረቀቱ የታለ?»

የሺእመቤት ዳዊቷን ከፍታ ሰጠቻት። ልጅቷ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ቃል በቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ቶሎ ይላል» አለች። ቀና ብላ አየቻት። «እትዬ፣ ቶሎ ይላል እኮ።»

የሺእመቤት ያን ቃል ሐምሌ ሃያ ሦስት ቀንም አንብባዋለች። በአባቷ ቴሌግራም ውስጥ አልነበረችም። ለሞተ ሰው ማን ይቸኩላል? የቅኔ ጀማሪ እንኳ የማይስታት ቃል ነበረች። ሰምና ወርቅ ስትፈልግ ግልጹን ቃል ረግጣ አልፋለች። የረገጠችውም ለምን እንደሆነ ያኔ፣ በዚያ ግቢ፣ ፊት ለፊቷ መጣባት፤ ለብ ያለ ውኃ፣ ባዶ እግር፣ የሚዘልል ማዕበል።

ልጅቷ ወረቀቱን አልመለሰችላትም። አልሰደበቻትምም። ዞራ ወደ ሴቶቹ ሄደች።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጥሩአየሁ አልመጣችም። የሺእመቤት ሄደች። አቶ ባዘዘው በር ላይ ተቀብለው «ኀዘን ላይ ናት» አሏት። ጥቅምት ላይ ሄደች፤ «ማን ያበላታል? እኔ ጋር ሥራ አለ» አሏት። የልብሷንም የደብተሯንም ወጪ እኔ እችላለሁ አለች። አቶ ባዘዘው፣ «እመት፣ አንዴ ሰጥተንዎት ነበር» አሉ።  በዓመቱ ልጅቷን ዓባይ አፋፍ ላይ ለሚኖር ሰው ዳሯት። የሰርጉን ወሬ የሺእመቤት ከተማሪዎቿ ነው የሰማችው።

ሞጣ ላይ መኖር አቃታት። ማንም ፊት ለፊት ምንም አላላትም፤ ቡና ላይ ግን እሷ ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ነበር። ዝውውር ጠይቃ ቢቸና መጣች።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ በገበያ ቀን የቢቸናን የከብት ተራ አቋርጣ ስትሄድ አንዲት ሴት ከአህያ ላይ ጭነት ስታወርድ አየች። ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች፤ እርጉዝ ናት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የሺእመቤት ልትሸሽ አሰበች፤ ግን ቆመች።

ጥሩአየሁ ወገቧን ያዝ አድርጋ መጣችና ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት። «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። እማማ» ብላ ዞረች፤ ከኋላዋ አንዲት ወፍራም ባልቴት ቆመዋል። «አማቴ ናቸው። እማማ፣ ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩኝ ናቸው።»

ባልቴቲቱ ፊታቸው በራ። «አንቱ ኖት እንዴ! በሉ እስቲ ፍረዱን» አሉ እየሳቁ። «ይቺ ልጅ ያገባች ሰሞን ባሕር አይቻለሁ፣ ዳርቻ የለውም፣ ውኃው ጨው ነው ስትለን፣ አገር ሰማ፤ ባሏን ልጆች የባሕሩ ባል እያሉ ሲስቁበት ከረሙ። እውነት ነው?»

 የሺእመቤት አንድ ነገር፣ አንድ ትንሽ ነገር ለልጅቷ ልትመልስላት ነው። «እውነት...» ብላ ጀመረች።

«ይተዉት፣ እትዬ» አለች ጥሩአየሁ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለበትም። «አላየሁም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ውሸቴን ነው ብያቸዋለሁ። አልቋል።»

«ልጅነት ነው» አሉ ባልቴቲቱ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። «አሁንማ አደብ ገዝታለች።»

የሺእመቤት ይቅር በይኝ ልትል አፏን ከፈተች። አንዲት ገበሬ በግ እየጎተተች በመካከላቸው አለፈች። ገበሬዋ ስታልፍ ጥሩአየሁ ወደ ጭነቷ ዞራ ነበር። ጆንያውን አቅፋ ከአማቷ ጋር አወረደችው፤ ገመዱን በጥርሷ ይዛ ፈታችው። ለመሰናበት እንኳ ቀና አላለችም። የጤፍ ነጋዴዎቹ መጥተው ከበቧት፤ እሷም እፍኝ ዘግና ታሳያቸው ጀመር።